የባሩድ ሚዛን አመራረጥ፦ ባለ ዘንግ፣ ኤሌክትሮኒክ ወይስ ራሱ የሚሰፍር?

የተተኮሰ ቀለህን አጽድቶና ቅርጹን መልሶ፣ አዲስ ፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ክፍል) ገጥሞ፣ ባሩድ ሰፍሮና አረር አስገብቶ እንደገና ጥይት ማድረግ ሕግ በሚፈቅድባቸው አገሮች የዒላማ ተኳሾችና አዳኞች ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ነው። ከሥራው እርምጃዎች ሁሉ ስሕተትን የማይታገሠው ባሩዱ የሚመዘንበት ነው። ባሩዱ ከተፈቀደው መጠን ሲበልጥ በቀለሁ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት መሣሪያው ከሚችለው በላይ ሊሆንና ጠመንጃውን ሰብሮ ተኳሹን ሊያቆስል ይችላል፤ እጅግ ሲያንስ ደግሞ አረሩ ከአፈሙዙ ሳይወጣ መሐል ላይ ተቀርቅሮ ሊቀርና፣ ተኳሹ ሳያውቅ የሚተኩሰው ቀጣይ ጥይት ከኋላ ሊመጣበት ይችላል።

ስለዚህ ሚዛን የሚገዛ ሰው ውሳኔው የአንድ ዕቃ ግዢ ብቻ እንዳልሆነ ቢያስብ ደግ ነው። ሻጮች በብዛት የሚያወሩት ሚዛኑ ከነጥብ በኋላ ስንት አኃዝ እንደሚያሳይ ነው። እኔ ግን ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ነው እላለሁ፦ ይህ ሚዛን ዛሬ የነገረኝን ያንኑ ባሩድ ነገም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም፣ ክፍሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም በተመሳሳይ ቁጥር ይነግረኛልን? ካልነገረኝስ ውሸቱን የምይዝበት መንገድ አለኝን? የዚህ መመሪያ ንጽጽር ሁሉ የሚያጠነጥነው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው።

ስለ መለኪያው አሐድ

በጥይት ሥራ የባሩድ ክብደት የሚነገረው ብዙውን ጊዜ በግሬይን ነው። ቃሉ የእህል ቅንጣት ማለት ነው፤ መለኪያው በጥንት ዘመን ከእህል ዘር ክብደት ጋር የተያያዘ ስለነበር ነው ስሙ የጸናው። ዛሬ አንድ ግሬይን በትክክል 64.79891 ሚሊግራም እንዲሆን ተወስኗል፤ አንድ ፓውንድ 7000 ግሬይን ሲሆን አንድ ግራም ደግሞ 15.43 ግሬይን ያህል ነው። እነዚህን ቁጥሮች ማወቅ የሚጠቅመው ሚዛኖች በግራም ሲተዋወቁ ገዢው ራሱ ወደ ግሬይን መልሶ እንዲያይ ነው።

ለምሳሌ ለጌጣጌጥና ለቅመማ ቅመም የሚሸጡት ትንንሽ የኪስ ሚዛኖች አብዛኞቹ የሚለዩት እስከ 0.01 ግራም ነው። ይህ ሲሰማ እጅግ ጥቃቅን ይመስላል፤ ወደ ግሬይን ሲቀየር ግን 0.15 ግሬይን ገደማ ነው። ሚዛኑ ምንም እንከን ባይኖርበት እንኳ ያንኑ ቁጥር ያሳዩ ሁለት ስፍሮች በዚህ መጠን ሊለያዩ ይችላሉ ማለት ነው። ወደ 4 ግሬይን ባሩድ ለሚወስድ የሽጉጥ ጥይት ይህ ልዩነት ከመቶ 4 እጅ ሊጠጋ ነው። እንዲህ ያለውን ሚዛን በቀላሉ መለየት ይቻላል፦ በግሬይን አድርገው ባሩድ ጥቂት በጥቂት ሲጨምሩበት ቁጥሩ 4.0፣ 4.2፣ 4.3 እያለ የሚዘል ከሆነ ከውስጥ የሚቆጥረው በግራም መቶኛ ነው፤ በግሬይን ዐሥረኛ የጻፈው ለማሳመር ብቻ ነው። ለባሩድ እንዲህ ያለውን ሚዛን ፈጽሞ አልመክርም።

ከአሐድ ሳንወጣ አንድ አደጋ መጠቆም ያስፈልጋል። ብዙ ኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች ግራምን፣ ግሬይንን፣ ካራትንና ሌሎች አሐዶችን በአንዲት ቁልፍ ይቀያይራሉ። እጅ ሳያስበው ቁልፏን ቢነካ ቁጥሩ ያው መስሎ ትርጉሙ ይለወጣል፤ አንድ ካራት 200 ሚሊግራም በመሆኑ ከግሬይን ሦስት እጥፍ ይበልጣል። የአሐዱን ምልክት በግልጽና በጉልህ የሚያሳይ፣ ከተቻለም የማይፈለጉትን አሐዶች ለመዝጋት የሚፈቅድ ሚዛን ይመረጣል።

የሚታየው አኃዝና የሚታመነው ክብደት

ሦስት ነገሮች ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የመጀመሪያው ሚዛኑ የሚያሳየው የመጨረሻ አኃዝ ነው። ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው፤ ያንኑ ዕቃ ዐሥር ጊዜ አንሥተን ብናስቀምጠው ዐሥር ጊዜ ምን ያህል የተቀራረበ ቁጥር ይሰጠናል የሚለው። ሦስተኛው ትክክለኛነት ነው፤ የተሰጠው ቁጥር ከእውነተኛው ክብደት ምን ያህል ይርቃል የሚለው። እስከ 0.02 ግሬይን የሚያሳይ ሚዛን ንባቡ በ0.1 ግሬይን የሚዋዥቅ ከሆነ የመጨረሻው አኃዝ ጌጥ ነው። በአንጻሩ ሁልጊዜ 0.1 ግሬይን አብልጦ የሚያሳይ፣ ነገር ግን ያንን ያለ ማወላወል የሚያደርግ ሚዛን ሊታረም ይችላል፤ ስሕተቱ ታውቆ የተቀመጠ ነውና። እኔ ከሦስቱ ድግግሞሽን አስቀድማለሁ፤ ትክክለኛነትን በመፈተሻ ክብደት ማረም ሲቻል የሚወላውልን ሚዛን ግን በምንም ማረም አይቻልም።

ምን ያህል ረቂቅ ሚዛን ያስፈልጋል ለሚለው መልሱ እንደ ጥይቱ ይለያያል። ለአንድ ጠመንጃ 40 ግሬይን ባሩድ ቢሰፈር የ0.1 ግሬይን ልዩነት ከመቶ ሩብ እጅ ብቻ ነው፤ ለሽጉጥ 4 ግሬይን ቢሆን ግን ያው 0.1 ከመቶ ሁለት እጅ ተኩል ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ውድና ረቂቅ ሚዛን የሚገዙት በርቀት የሚተኩሱ የጠመንጃ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከደኅንነት አንጻር ካየነው ግን የትንንሽ ስፍሮች ባለቤት የሆነው የሽጉጥ ተኳሽ ሚዛኑን የበለጠ ሊጠራጠር ይገባዋል። የርቀት ተኳሹ ረቂቅነትን የሚፈልገው ለሌላ ምክንያት ነው፤ የባሩዱ ልዩነት የአረሩን ፍጥነት ይለያያል፣ የፍጥነቱ ልዩነትም በሩቅ ዒላማ ላይ ምቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲበተኑ ያደርጋል። ለእርሱም ቢሆን ወሰን አለው። ረዘም ረዘም ያለ ቅንጣት ያለው የጠመንጃ ባሩድ አንዷ ቅንጣት 0.02 ግሬይን ገደማ ትመዝናለች፤ ቅንጣቷን ለሁለት የሚከፍላት ስለማይኖር ከዚያ የረቀቀ ሚዛን ለዚህ ሥራ የሚጨምረው ነገር የለም።

ባለ ዘንግ ሚዛን

ይህ በስለት ላይ የተቀመጠ ዘንግ፣ በአንድ ወገን የባሩድ ሳሕን፣ በሌላው ወገን በጥርስ በጥርስ የሚንሸራተቱ ክብደቶች ያሉት ሚዛን ነው። በጥሩዎቹ ላይ ስለቱ የሚያርፈው አጌት በሚባል ጠንካራ ድንጋይ ላይ ሲሆን፣ በዘንጉ ጫፍ ያለው የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዝርግ በማግኔቶች መካከል ሲያልፍ በውስጡ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ጅረት ውዝዋዜውን ያበርዳል። ማግኔቱ የሚያበርደው እንቅስቃሴን ብቻ ነው፤ ዘንጉ ሲቆም ኃይል ስለማያሳርፍበት ንባቡን አያዛባም።

የዚህ ሚዛን ትልቁ ጸጋ የሚያነጻጽረው ክብደትን ከክብደት ጋር መሆኑ ነው። የምድር ስበት ከወገብ ወደ ዋልታ ሲሄዱ ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ይጨምራል፤ ስበቱ ግን ባሩዱንም ተንሸራታቹንም እኩል ስለሚስብ ሚዛኑ የትም ቢወሰድ ቃሉ አይለወጥም። ባትሪ አያልቅበትም፣ እስኪሞቅ አያስጠብቅም፣ ከሰዓታት በኋላም ዜሮው በራሱ አይንሸራተትም። በጥንቃቄ የተያዘ ባለ ዘንግ ሚዛን ከባለቤቱ አልፎ ለልጅ ይወረሳል። ኦሃውስ የተባለው ሚዛን ሠሪ ለአርሲቢኤስ ኩባንያ ይሠራቸው የነበሩት የቀድሞ ሚዛኖች፣ በተለይም እስከ 1010 ግሬይን የሚመዝነው 10-10፣ ዛሬም በሁለተኛ እጅ የሚፈለጉት በዚህ ምክንያት ነው። በሌላው ጫፍ ሊ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ትንሽ ሚዛን እስከ 100 ግሬይን ብቻ ይመዝናል፤ ርካሽ ነው፣ ጥቃቅን ክብደት የመለየት ስሜቱም ከዋጋው በላይ ነው፣ ነገር ግን አረርና ቀለህ አይመዝንም፤ ቁጥሩን ለማንበብም ልምምድ ይጠይቃል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው ዝግታው ነው፤ ሚዛኑ እስኪረጋ መጠበቅ፣ በዓይን ትክክል መስመር ላይ ዝቅ ብሎ ማየት ያደክማል። ዓይን ከፍ ብሎ ሲያይ ጠቋሚው ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ያለ ይመስላልና ሚዛኑን በዓይን ከፍታ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አንዳንዶች ትንሽ ካሜራ ከጠቋሚው ፊት አቁመው በስክሪን ያዩታል፣ ይህም በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። ሁለተኛውና አሳሳቢው ጉድለት ተንሸራታቹ ክብደት በተሳሳተ ጥርስ ላይ ሊቀመጥ መቻሉ ነው። ትልቁ ተንሸራታች አንድ ጥርስ ቢያልፍ ስሕተቱ የ5 ወይም የ10 ግሬይን ይሆናል፤ ይህም ጥቂት የሚባል ስሕተት አይደለም። ሚዛኑ ራሱ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ነው የተሳሳተው። ስለዚህ ባለ ዘንግ ሚዛን የመረጠ ሰው ሥራ ሲጀምር፣ ስልክ አንሥቶ ሲመለስ፣ ሚዛኑ በክርን በተነካ ቁጥር ተንሸራታቾቹን ጮክ ብሎ ቢያነብ አያፍርበት።

ባለ ሎድ ሴል ኤሌክትሮኒክ ሚዛን

በገበያ ላይ ያሉት የጠረጴዛና የኪስ ኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች አብዛኞቹ የሚሠሩት በስትሬን ጌጅ ነው። ጭነት ሲያርፍበት በጥቂቱ የሚታጠፍ፣ ሎድ ሴል የሚባል ብረት አለ፤ በላዩ የተለጠፈው ቀጭን ሽቦ ወይም ዝርግ ከብረቱ ጋር ሲለጠጥ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይለወጣል፤ ያ ለውጥ ተተርጉሞ ቁጥር ይሆናል። ከዚህ አሠራር የሚወለዱትን ችግሮች ማወቅ ግማሽ መፍትሔ ነው። ብረቱም ጌጁም በሙቀት ይለወጣሉ፤ ስለዚህ ሚዛኑ ከተከፈተ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከመስኮት፣ ከማራገቢያና ከማሞቂያ ማራቅ ያስፈልጋል። የሚለካውም ግፊትን እንጂ ክብደትን በክብደት ስላልሆነ፣ ከፋብሪካው ርቆ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ የስበቱ ልዩነት በቁጥሩ ይገባል። በወገብ አካባቢ የተስተካከለ ሚዛን ሳይነካ ወደ ዋልታ ቢወሰድ በ40 ግሬይን ላይ 0.2 ግሬይን ያህል ይሳሳታል። በሚሠራበት ስፍራ ካሊብሬት ማድረግ፣ ማለትም በታወቀ ክብደት ማስተካከል፣ የማይዘለለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ዜሮውን ራሱ የሚከታተለው ስሌት ነው። የሚዛኑ ሠሪዎች መንሸራተትን ለመሸፈን ሲሉ ጥቂት በጥቂት የሚመጣን ለውጥ እንደ መንሸራተት ቆጥሮ እንዲሰርዝ አድርገውታል። ባሩድ በማንጠባጠቢያ ቅንጣት በቅንጣት ሲጨመር ሚዛኑ ያንን ጭማሪ መንሸራተት ይመስለውና ሳያሳየው ይቀራል፤ የሚሠራው ሰው ቁጥሩ አልደረሰም ብሎ ሲጨምር ስፍሩ ከታሰበው ያልፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የተፈለገው መጠን ላይ ሲደረስ ሳሕኑን አንሥቶ መልሶ ማስቀመጥና በሁለተኛው ንባብ ማመን። ሌላም ጠቃሚ ልማድ አለ። ባዶው ሳሕን ዜሮ ከተደረገ በኋላ ሲነሣ ሚዛኑ የሳሕኑን ክብደት በመቀነስ ምልክት ያሳያል፤ ያንን ቁጥር በወረቀት ጽፎ በየጊዜው ማስተያየት የዜሮውን መንሸራተት ወዲያውኑ ይገልጣል። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ፍተሻ ሆኖ ሳለ የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው።

ስታቲክ ኤሌክትሪክም አለ። ደረቅ አየር ባለበት ክፍል የፕላስቲክ ሳሕንና የፕላስቲክ ማሰሮ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ሲዋልል፣ እጅ ሲጠጋም ሲለወጥ ይታያል። የብረት ሳሕን የሚሰጥ ሚዛን ከፕላስቲኩ ይሻላል። የእጅ ስልክንም ከሚዛኑ ማራቅ ይገባል።

በዚህ ዓይነት ውስጥ ሁለት መደብ አለ። እስከ 0.1 ግሬይን የሚያሳዩት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ፤ እስከ 0.02 ግሬይን የሚያሳዩት፣ ለምሳሌ ማይ ዌይ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ጄምፕሮ 250፣ በጥሩ ክፍል ውስጥ በትዕግሥት ለሚሠራ ሰው ብዙ ይሰጣሉ፤ ዜሮውን ደጋግሞ ለማያይ ሰው ግን ከነረቂቅነታቸው ያሳስታሉ።

የመግነጢስ ማካካሻ ያለው ሚዛን

በቤተ ሙከራ የሚሠራበት ሚዛን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ጭነቱ ሲያርፍ ምንም ነገር እንዲታጠፍ አይተውም፤ በማግኔት መካከል ባለ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ሳሕኑን ወደ ነበረበት ቦታ ይመልሰዋል፣ ለዚህ የፈጀውን የኤሌክትሪክ መጠንም ወደ ክብደት ይተረጉማል። ውጤቱ ፈጣን፣ የተደጋገመና ቅንጣት በቅንጣት ሲጨመር ወዲያውኑ የሚከተል ንባብ ነው። በርቀት ተኳሾች ዘንድ ስሙ የሚነሣው የጃፓኑ ኤ ኤንድ ዲ የሚሠራው ኤፍኤክስ-120አይ እስከ 122 ግራም ይመዝናል፣ እስከ 0.001 ግራም ይለያል፤ በግሬይን ሲደረግ 0.02 ነው። አውቶትሪክለር የሚባለው መሣሪያ ከዚህ ሚዛን ጋር ተያይዞ ንባቡን እየተከታተለ ባሩድ ያንጠባጥባል።

ይህም ሚዛን ቢሆን ግፊትን የሚለካ ስለሆነ ካሊብሬሽን ያስፈልገዋል፤ ከአየር ሽውታ የሚጋርደው መከለያና ውሃ ልኩ መሐል የሆነበት የማይነቃነቅ ጠረጴዛም ይፈልጋል። ዋጋው ከጥሩ ባለ ዘንግ ሚዛን ብዙ እጥፍ ነው። ገንዘቡ ያለው ቢገዛው አይጸጸትም፤ ነገር ግን የቀለሁ አንገት አያያዝ፣ የፕራይመሩና የአረሩ ወጥነት ሳይስተካከል ይህን ሚዛን መጀመሪያ መግዛት ቅደም ተከተሉን ያዛባል ብዬ አምናለሁ።

ራሱ የሚሰፍር ማሽን

የሚፈለገው መጠን ተጽፎለት ባሩዱን በሚሽከረከር ቱቦ ወደ ሳሕን የሚያወርድ፣ ሲጠጋ ፍጥነቱን እየቀነሰ የሚያንጠባጥብ፣ ሲደርስ የሚቆም ማሽን ነው። የአርሲቢኤስ ቻርጅማስተር 1500 ከሚታወቁት አንዱ ነው፤ እስከ 1500 ግሬይን ይመዝናል፣ የተነገረለት ትክክለኛነትም ከ0.1 ግሬይን ወዲህና ወዲያ ነው። ሰውየው አረር ሲገጥም ማሽኑ ቀጣዩን ይሰፍራልና ጊዜ ይቆጥባል።

ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ሚዛን በአብዛኞቹ ከላይ የተጠቀሰው ሎድ ሴል ነው፤ ስለዚህ ችግሮቹ ሁሉ ከእርሱ ጋር ናቸው። በዚህ ላይ ረጃጅም ቅንጣት ያለው ባሩድ በቱቦው አፍ ተከማችቶ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ከመጠን ያልፋል፤ አንዳንዶች ከቱቦው ውስጥ አጭር የመጠጫ ስትሮ በመሰካት ይህን ይቀንሱታል። ማሽኑ አልፌአለሁ ብሎ ሲያስጠነቅቅ ስፍሩን ወደ ማሰሮው መልሶ እንደገና ማስጀመር እንጂ በጣት ቆንጥሮ መቀነስ አይገባም። ሥራው ሲያልቅም ባሩዱን በማሽኑ ውስጥ ማሳደር ሁለት ጉዳት አለው፦ አንዳንዱ ባሩድ ፕላስቲኩን ይበላል፣ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ በውስጡ ያለው የትኛው ባሩድ እንደሆነ ሊረሳ ይችላል። ሁለት ዓይነት ባሩድ መቀላቀል የትኛውም ሚዛን የማያገኘው ስሕተት ነው።

በይዘት የሚሰፍረው የእጅ መስፈሪያ ከዚህ መመሪያ ውጭ ቢሆንም አንድ ቃል ይገባዋል። ደቃቅና ክብ ቅንጣት ላለው የሽጉጥ ባሩድ መስፈሪያው በጣም ወጥ ነው፤ ሚዛኑ የሚያስፈልገው መስፈሪያውን ለማስተካከልና በየጥቂቱ ለመፈተሽ ነው። ዐሥር ስፍሮችን በአንድ ሳሕን አጠራቅሞ መዝኖ ለዐሥር ማካፈል አማካዩን ሚዛኑ ለብቻው ከሚለየው በላይ በረቂቁ ያሳያል፤ ነገር ግን የአንዱን መብዛት በሌላው ማነስ ስለሚሸፍን አንዳንዱን ለብቻ መመዘንም አይቀርም።

የመፈተሻ ክብደት

የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ ከሚዛኑ ጋር አብሮ መገዛት ያለበት የመፈተሻ ክብደት ነው፤ አባቶቻችን የሚዛን ድንጋይ የሚሉት ዛሬ ከናስ ወይም ከማይዝግ ብረት ተሠርቶ በደረጃ ይሸጣል። ዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ ድርጅት ክብደቶችን በደረጃ ከፍሏቸዋል፤ የ2 ግራም ክብደት በኤም1 ደረጃ ሲሆን እስከ 1.2 ሚሊግራም፣ በኤፍ2 ደረጃ ሲሆን እስከ 0.4 ሚሊግራም ስሕተት ይፈቀድለታል። የመጀመሪያው ከ0.02 ግሬይን በታች፣ ሁለተኛው ከ0.01 ግሬይን በታች ነውና እስከ 0.1 ለሚያሳይ ሚዛን ኤም1 ይበቃል፣ ለረቂቁ ኤፍ2 ይመረጣል።

ዋናው ነገር ግን የክብደቱ ልክ ነው። ከብዙ ሚዛኖች ጋር የሚሰጠው የማስተካከያ ክብደት 50 ወይም 100 ግራም ሲሆን የሚመዘነው ባሩድ ግን ከ3 ግራም የማይበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በ50 ግራም ላይ የተስማማ ሚዛን በ2 ግራም ላይም ይስማማል ብሎ መደምደም አይቻልም። ስለዚህ ለሚሰፈረው መጠን የቀረበ ክብደት መያዝ፣ ሥራ ሲጀመር፣ በመካከልና ሲያበቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በእጅ ሳይሆን በመያዣ ይነሣ፤ የጣት ወዝ ክብደት ይጨምራል። የሰርተፊኬት ክብደት ለጊዜው ካልተገኘ አንድ አረር ወይም ትንሽ ሳንቲም መርጦ በታመነ ሚዛን አስመዝኖ ቁጥሩን ጽፎ መያዝ ቢያንስ ሚዛኑ ከትናንት መለወጡን ያሳያል።

ለማን የትኛው

በወር ጥቂት ሳጥን ጥይት ለሚሠራና ጊዜ ለማያጥረው ሰው የእኔ ምርጫ ባለ ዘንግ ሚዛን፣ ማንጠባጠቢያና ጥቂት የመፈተሻ ክብደቶች ናቸው። ጀማሪም ቢሆን በዚህ ቢጀምር ስለ ሚዛን የሚማረውን ከኤሌክትሮኒክ ስክሪን አይማረውም። ዓይኑ የደከመ ወይም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን በዚህ ምክር ራሱን አያስጨንቅ፤ ጉልህ ስክሪን ያለው የ0.1 ግሬይን ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ለእርሱ ደኅንነቱ የበለጠ ነው።

ብዙ የጠመንጃ ጥይት የሚሠራ ሰው ራሱ የሚሰፍረውን ማሽን ቢገዛ፣ አጠገቡም ባለ ዘንግ ሚዛን አቁሞ ከየዐሥሩ አንዱን ቢመዝንበት ፍጥነትንም ዋስትናንም ያገኛል። ሁለቱ ሚዛኖች በተለያየ አሠራር የሚሠሩ መሆናቸው አስፈላጊ ነው፤ ሁለት ሎድ ሴሎች በአንድ ክፍል ሙቀት ሲለወጥ በአንድነት ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ ሎድ ሴልና ዘንግ ግን በአንድ ምክንያት በአንድነት የመሳሳታቸው ዕድል አነስተኛ ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሥራው ይቁም፤ በመፈተሻ ክብደት እስኪለይ ድረስ ከመጨረሻው ስምምነት ወዲህ የተሠሩት ጥይቶች ለብቻ ይቀመጡ። መጠኑ ራሱ ከታተመ የጭነት መመሪያ እንጂ ከወዳጅ አፍ መወሰድ እንደሌለበት ደግሜ አልናገርም፤ ሚዛኑ የተሳሳተን መጠን በትክክል ይመዝናልና።

የሚመዘነው የባሩድ መጠን ብቻ ካልሆነ የሚዛኑ አቅም ይታሰብ። አረርን፣ ቀለህንና የተሠራ ጥይትን ለመመደብ ለሚፈልግ 500 ግሬይን ገደማ የሚችል ሚዛን ለተራ ጠመንጃዎች ይበቃል፤ የባለ 0.50 ካሊበሩ አረር ግን ለብቻው ከ600 ግሬይን በላይ ስለሆነ እርሱን ለመመዘን 1000 የሚችል ይጠይቃል። የተሠራ ጥይት መዝኖ ባሩድ እጥፍ መግባቱን ለማወቅ ማሰብ ግን ሰውን ያዘናጋል። የቀለሆቹና የአረሮቹ የእርስ በርስ ልዩነት ከትንሽ ስፍር ሊበልጥ ስለሚችል፣ ምንም ያህል ረቂቅ ሚዛን ቢያዝ 4 ግሬይን ያለበትን ከ8 ግሬይን መለየቱ አስተማማኝ አይደለም። ያ ፍተሻ የሚደረገው አረሩ ከመገጠሙ በፊት፣ ቀለሆቹ በመደርደሪያ ተደርድረው በጥሩ ብርሃን እያንዳንዳቸው በዓይን ሲታዩ ነው።

ከተገዛ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት

ሚዛኑ ሊመለስ በሚችልበት ጊዜ ውስጥ እነዚህን ማድረግ ይገባል። ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ግማሽ ሰዓት አሙቀው፣ ካሊብሬት አድርገው፣ የ2 ግራም ክብደት ሃያ ጊዜ እያነሡ ያስቀምጡና ሃያውንም ቁጥሮች ይጻፉ፤ ከዚያ ክብደቱን በሳሕኑ መካከልና በአራቱም ዳር ያኑሩ። ቁጥሩ በመጨረሻው አኃዝ ከአንድ በላይ የሚራራቅ ከሆነ ወይም ዳርና መሐሉ ካልተስማሙ ይመልሱት። ክብደቱን በላዩ ትተው ለአንድ ሰዓት ይሂዱ፤ ሲመለሱ ምን ያህል እንደተንሸራተተ ይዩ።

ባለ ዘንግ ከሆነ፣ በተለይም በሁለተኛ እጅ የተገዛ ከሆነ፣ ስለቶቹን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ፤ የተሰነጠረ ወይም የዛገ ስለት ያለበትን አይግዙ። ስለቱንና የሚያርፍበትን ድንጋይ በንጹሕ አልኮል ያጽዱ እንጂ ዘይት አይቀቡ፤ ዘይት አቧራ ይይዝና ዘንጉን ያደነዝዘዋል። ዜሮ አድርገው የቁራጭ ወረቀት ጥግ ወይም አንዲት የባሩድ ቅንጣት በሳሕኑ ላይ ያኑሩ፤ ጠቋሚው ካልተንቀሳቀሰ ሚዛኑ ደንዝዟል። ከተንቀሳቀሰ ቅንጣቷን ያንሡና ወደ ዜሮው በትክክል መመለሱን ያረጋግጡ፤ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሦስቱንም ጊዜ በዚያው መስመር ላይ ከቆመ፣ ተንሸራታቾቹን በየጥርሳቸው ላይ እያንቀሳቀሱ በመፈተሻ ክብደቶች ከታች እስከ ላይ ይሞክሩትና ልዩነቱን በሚዛኑ ክዳን ውስጥ በወረቀት ጽፈው ይለጥፉ።